የወንዝ ዳር የመሬት መንሸራተት ስጋት ካርታ እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ከዚህ በፊት የተናዱትን ቦታዎች ይሰብስቡ። የጎግል ኧርዝን የቆዩ ምስሎች እያነጻጸሩ ይመልከቱ፤ ነዋሪዎችንም ይጠይቁ። ሲጠይቁ «ዝናብ ሲጥል ተንዶ ያውቃል?» ብቻ አይበሉ፤ ወንዙ ከጎደለ በኋላ ስለተናደውም ይጠይቁ። ሙሉ ወንዝ ዳርቻውን በራሱ ክብደት ደግፎ ይይዘዋል፤ ውሃው በድንገት ሲጎድል ግን ድጋፉ ይሄድና ውሃ የጠጣው አፈር ብቻውን ይቀራል። ብዙ ዳርቻ የሚናደው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ነው። ከሰበሰቧቸው ቦታዎች ሩቡን ለማረጋገጫ ለይተው ያስቀምጡ።

ቀጥሎ ኪውጂአይኤስ (QGIS) የተባለውን የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ይጫኑ፤ ነጻ ነው፣ ለዚህ ሥራ የሚከፈልበት ሶፍትዌር አያስፈልግም። የከፍታ መረጃ አውርደው ወደ ዩቲኤም (ቦታን በዲግሪ ሳይሆን በሜትር ወደሚገልጸው የካርታ ሥርዓት) ይቀይሩት። ይህን ከዘለሉ አግድሙ በዲግሪ፣ ከፍታው በሜትር ይሰላና ሜዳው ሁሉ ወደ 90 ዲግሪ የተጠጋ ገደል ሆኖ ይወጣል።

ይህ ስህተት ወዲያው ስለሚታይ ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው የማይታየው ነው። ከጠፈር ተለክተው በነጻ የሚገኙት የኤስአርቲኤምና የኮፐርኒከስ የከፍታ መረጃዎች የአንዱ ፒክስል ጎን 30 ሜትር ገደማ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ የ6 ሜትር ገደል በ30 ሜትር ላይ ሲዘረጋ 11 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ተዳፋት ይመስላል። በከተማ ደግሞ የጣሪያና የዛፍ ከፍታ አብሮ ይገባበታል። እናም ካርታው ሲያምር፣ ዋናው አደገኛ ቦታ አረንጓዴ ተቀብቶ ያርፋል።

ስለዚህ በእግር መሄድ ግድ ነው። በየ50 ሜትሩ የዳርቻውን ቁመትና ያዘነበለበትን ማዕዘን ይለኩ፤ ለማዕዘኑ የስልክ አፕ ይበቃል። ከገደሉ ጫፍ ላይ ግን አይቁሙ፦ ሥሩ በውሃ ተቦርቡሮ ሊሆን ስለሚችል ከማዶ ሆኖ መለካት ይሻላል። ከጫፉ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ፣ ያዘመመ ዛፍ ወይም ምሰሶ፣ ከገደሉ ፊት የሚመነጭ ውሃ፣ የሚያፈስ ቱቦ፣ በቆሻሻ ወይም በፍርስራሽ የተሞላ መሬት ካዩ ከነፎቶውና ከነጂፒኤሱ ይመዝግቡ። ወንዙ በሚታጠፍበት በውጭኛው ጎን ጊዜ ወስደው ይዩ፤ ውሃው ግርጌውን የሚበላው እዚያ ነው።

አሁን ከገደሉ ግርጌ ተነስተው የቁመቱን እጥፍ ከወንዙ እየራቁ ወደ ውስጥ ይለኩና መስመር ያስምሩ፤ ለ6 ሜትር ገደል 12 ሜትር መሆኑ ነው። ይህ ለመጀመሪያ ልየታ የሚሆን ግምት እንጂ የአፈር ምርመራን አይተካም። ከመስመሩ እስከ ወንዙ ያለውን ቀይ፣ ምልክት የታየበትን ደግሞ ከመስመሩ ውጭም ቢሆን ቀይ፣ የቀረውን አረንጓዴ ያድርጉት። ለየምክንያቱ ነጥብ ሰጥቶ እስከ አስርዮሽ የሚደምረውን ዘዴ አልወደውም፤ ሁለቱ ቀለሞች ይበቃሉ።

በመጨረሻ ለይተው ያስቀመጡትን ሩብ ካርታው ላይ ይጫኑ። አረንጓዴ ላይ የወደቀ ካለ ቀለሙን ብቻ ቀይረው አይለፉት፤ ወደ ቦታው ተመልሰው ምን እንዳመለጠዎት ይዩ።