ታምፔሬን በአንድ ቀን በእግር እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ታምፔሬ በፊንላንድ ውስጥ በሁለት ሐይቆች መካከል የተቆረቆረች የፋብሪካ ከተማ ናት። በሰሜን ያለው ናሲያርቪ በደቡብ ካለው ፒሃያርቪ በ18 ሜትር ከፍ ስለሚል፣ የላይኛው ውሃ ታመርኮስኪ በተባለ አጭርና ኃይለኛ ወንዝ አድርጎ በከተማዋ መሐል ቁልቁል ይወርዳል። የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ ሦስተኛ በ1779 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከተማዋን እዚህ ቦታ ላይ የመሠረተው ይህን ኃይል አይቶ ነው። ጣናን፣ ጢስ ዓባይንና የባሕር ዳርን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንድ ላይ አድርጎ ማሰብ ለሚችል አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ብዙ ጎብኚ በቀጥታ ወደ ናሲኔውላ ማማ ወጥቶ ከተማዋን ከላይ ማየት ይመርጣል፤ እኔ ግን ከውሃው ተነሥቶ ወደ ፋብሪካው፣ ከፋብሪካው ወደ ሠራተኛው ቤት፣ ከዚያም ወደ ሳውናው (የፊንላንዶች የእንፋሎት መታጠቢያ) መሄድን እመክራለሁ፤ በዚህ ቅደም ተከተል የሄደ ሰው ያየው ነገር ሁሉ ከምን እንደ መጣ ይገባዋል።

አንደኛ፣ ቀኑን ይምረጡ። የጉዞው መጨረሻ የሆነው የራያፖርቲ ሳውና በየቀኑ ስለማይከፈት፣ የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት አስቀድመው አረጋግጠው ሌላውን ሁሉ ከእሱ ጋር ያስማሙ። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ ሰዓት ከምሽቱ አምስት ገደማ ሲሆን፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በእግር ለሚሄድ ሰው የአውሮፓ በጋ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ከሄልሲንኪ በባቡር ይምጡ። ጉዞው ከሁለት ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ከጣቢያው እንደ ወጡ ጥቂት ደቂቃ ተጉዘው ካቴድራሉን ይዩ። በአርክቴክቱ ላርስ ሶንክ ተነድፎ በ1907 የተጠናቀቀ የድንጋይ ሕንፃ ሲሆን፣ በውስጡ ሠዓሊው ሁጎ ሲምበርግ ሞትን አትክልት እንደሚንከባከብ ሰው አድርጎ የሣለበት ግድግዳ አለ። በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ያደገ ዓይን በዚህ ሥዕል ፊት መቆሙ አይቀርም። ቀጥሎ የሃሜንካቱን ጎዳና ይዘው ወደ ምዕራብ ሲሄዱ፣ አራት የነሐስ ሐውልቶች የቆሙበት የ1929 ድልድይ ላይ ይደርሳሉ። ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውሃ ታመርኮስኪ ነው፤ ሳይቸኩሉ ይመልከቱት።

ሦስተኛ፣ ከድልድዩ በምዕራባዊው ዳርቻ ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይሂዱ። መጀመሪያ የሚያገኙት የፍሬንኬል የወረቀት ፋብሪካ ሕንፃ ነው፤ የፊንላንድ የመጀመሪያው የወረቀት ማሽን በ1842 ሥራ የጀመረው በዚህ ፋብሪካ ነበር። ከእሱ በላይ ያለው የቀይ ጡብ ሰፈር ደግሞ ፊንሌይሰን ነው። ጄምስ ፊንሌይሰን የተባለው ስኮትላንዳዊ ከሴንት ፒተርስበርግ መጥቶ በ1820 ያቋቋመው ድርጅት፣ እሱ ሸጦት ከሄደ በኋላ ግዙፍ የጥጥ መፍተያና መሸመኛ ሆኗል። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ ሕፃናትም ይሠሩ ነበር። ፕሌቭና በተባለው የሽመና አዳራሽ መጋቢት 15 ቀን 1882 የኤሌክትሪክ አምፖል ሲበራ በሰሜን አውሮፓ (ኖርዲክ) አገሮች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። አዳራሹ ዛሬ ሲኒማና ምግብ ቤት ነው።

በዚሁ ሰፈር የሚገኘውን ቬርስታስ የተባለ የሠራተኞች ሙዚየም እንዳያልፉት አደራ እላለሁ። በ1900 የተሠራ ግዙፍ የእንፋሎት ሞተር በተተከለበት ቦታ እንዳለ ቆሟል፤ ከመንኮራኩሩ አጠገብ ሲቆሙ ሰው በዚህ ማሽን ዘንድ ምን ያህል ትንሽ እንደ ነበረ ይታወቅዎታል። ጊዜ ካለዎት ወንዙን ተሻግረው በቀድሞው የታምፔላ ፋብሪካ ውስጥ ያለውን የቫፕሪኪ ሙዚየም ማከል ይችላሉ።

አራተኛ፣ ወደ ምዕራብ ወደ አሙሪ ይሂዱ። እዚህ የተጠበቁት የእንጨት ቤቶች የፋብሪካ ሠራተኞች እንዴት ይኖሩ እንደ ነበር ያሳያሉ። አራት ቤተሰቦች በአራት ክፍሎች እየኖሩ መሐል ላይ ባለች አንዲት ማድ ቤት ይጠቀሙ ነበር። ምድጃው የጋራ፣ ድስቱና መደርደሪያው ግን የየራስ ነው። እዚህ ከማንኛውም ቦታ የበለጠ ጊዜ ይስጡ፤ የዚያ ሁሉ ጨርቅ ዋጋ በእነዚህ ክፍሎች ጥበት ይነበባል። ሙዚየሙ በዋናነት በበጋ ስለሚከፈት አስቀድመው ያረጋግጡ።

ስለ ምግብ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የከተማዋ መለያ የሆነው ሙስታማካራ የተባለ ጥቁር ቋሊማ በአሳማ ሥጋና ደም የሚሠራ ስለሆነ፣ በእምነቱ ምክንያት የማይበላ ሰው ይህን አውቆ ይለፈው። ሙይኩ የተባለውን ትንሽ የሐይቅ ዓሣ በዱቄት ተለውሶ ተጠብሶ ካገኙ ግን ይብሉት።

አምስተኛ፣ ወደ ፒኒኪ ጉብታ ይውጡ። በበረዶ ዘመን የተከመረ የጠጠርና የአሸዋ ጉብታ ሲሆን፣ ከፒሃያርቪ ወደ 80 ሜትር ከፍ ይላል። በጥድ ዛፎች መካከል ያለው መንገድ በ1929 ወደ ተሠራው የድንጋይ ማማ ያደርሳል። ከማማው ላይ ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ፤ ከታች ያለው ቡና ቤት ደግሞ በሙንኪው፣ ማለትም በዘይት ተጠብሶ ስኳር በሚነሰነስበት ክብ ዳቦው፣ የታወቀ ነው።

ስድስተኛ፣ ጉብታውን ይዘው ወደ ፒስፓላ ይቀጥሉ። ቦታው እስከ 1937 ከከተማው ክልል ውጪ ስለ ነበር፣ ሠራተኞቹ የከተማው የግንባታ ሕግ ሳይገድባቸው በገደሉ ላይ ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ሠርተዋል። ጠባቡ ደረጃና የተደራረበው የእንጨት ቤት ሁሉ የዚያ ነጻነት ፍሬ ነው። በ1918 የፊንላንድ የእርስ በርስ ጦርነት በታምፔሬ ከባድ ውጊያ ሲካሄድም ይህ ሰፈር ከቀዮቹ (በጦርነቱ የሠራተኛው ወገን ተዋጊዎች) የመጨረሻ ምሽጎች አንዱ ነበር።

ሰባተኛ፣ ድካምዎን በራያፖርቲ ያሳርፉ። በ1906 የተከፈተ ሲሆን፣ በፊንላንድ እስከ ዛሬ ከሚሠሩት የሕዝብ ሳውናዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ወንዶችና ሴቶች የሚታጠቡት በተለያየ ክፍል ሲሆን፣ ልማዱ ያለ ልብስ መግባት ነው። አስቀድመው ገላዎን ይታጠቡ፤ መቀመጫው ላይ ፎጣ ያንጥፉ፤ ሙቀቱን ካልለመዱት ከታችኛው ደረጃ ይጀምሩ። በጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ሲፈስ የሚነሣው ከወይባ ጢስ የተለየ፣ ንጹሕ እንፋሎት ነው፤ ፊንላንዶች ለዚህ እንፋሎት ብቻ የሚሆን የራሱ ቃል አላቸው። ሲበዛብዎ ወደ ግቢው ወጥተው ይቀዝቅዙ፤ ማንም ፊት ሳያፍሩ ተመልሰው ይግቡ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ መግባት የለበትም።

ያለ ልብስ መግባት የሚከብደው ሰው በናሲያርቪ ዳርቻ ያለውን ራውሃኒየሚን ይምረጥ። እዚያ ወንዶችና ሴቶች በዋና ልብስ አብረው ይገባሉ፤ ከሙቀቱ ወጥተውም በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ፤ በክረምትም በበረዶው ላይ በተከፈተው ቀዳዳ ይገባሉ። ያ ውሃ ትንሽ ቆይቶ በታመርኮስኪ አድርጎ፣ ጠዋት በቆሙበት ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ ነው።