የሚረሳ ሰው ምን ይብላ? ከጊንኮው በፊት ጓዳችሁን እዩ

እማዬ አንድ ቀን ሽሮ ጥዳ አራዳ ጊዮርጊስ ልትሳለም ወጣች። ጎረቤት ጭሱን አይቶ ነው የደረሰልን፣ ድስቱ አሁንም ድረስ ቂጡ ጥቁር ነው። ከዛ በፊትም አንዱን ጥያቄ ሶስት አራቴ መጠየቅ፣ ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ምናምን ነበረ ግን ያው እርጅና ነው ብለን አልፈነዋል። ለአክስቴ በስልክ ስንነግራት ከአሜሪካ ስትመጣ ግማሽ ሻንጣ ክኒን ይዛ መጣች፣ ኦሜጋ 3 (ለሰውነት የሚጠቅም የቅባት ዓይነት)፣ ቫይታሚን ኢ፣ ለአእምሮ የሚል የአንጎል ሥዕል ያለበት ብልቃጥ፣ ጊንኮም (ለማስታወስ ይረዳል ተብሎ የሚሸጥ ከዛፍ ቅጠል የሚሠራ ክኒን)። ጊንኮው ሲያልቅ እኔው ከአንድ ፋርማሲ በውድ ዋጋ ተካሁ። ሻጩ ሌላ ምን መድኃኒት ትወስዳለች ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። እማዬ ግን በየቀኑ አስፕሪን ትወስዳለች፣ ጊንኮ ደግሞ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር አይስማማም፣ የመድማት አደጋ ሊጨምር ይችላል።

ስለ ጊንኮ እንግዲህ እዚሁ ልጨርስ። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 75 እና ከዛ በላይ የሆኑ 3,069 ሰዎች ላይ ተሞክሯል፣ ግማሾቹ ጊንኮ 120 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ግማሾቹ ባዶ ክኒን፣ ስድስት ዓመት ገደማ ተከታትለዋቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ ሲወጣ የመርሳት በሽታን አልቀነሰም። በቃ።

መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ምግብም ክኒንም አይደለም፣ ምርመራ ነው። ሰውየው የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ፣ ሻንጣ ውስጥ የመጣውንም ጭምር፣ በፌስታል አድርጋችሁ ሐኪም ጋ ውሰዱ። እኛን የተቀበለን ልጅ እግር ሐኪም ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ አንድ በአንድ እያነሳ ካየ በኋላ «እማማ፣ ሜትፎርሚን ስንት ዓመት ወሰዱ? እግርዎትን ይደነዝዝዎታል?» አላት። እማዬ የስኳር ክኒኑን አስራ ምናምን ዓመት ወስዳዋለች፣ ለጨጓራዋ ደግሞ ኦሜፕራዞል አለ፣ እግሯ ከደነዘዘ ቆይቷል ግን ብርድ ነው ትል ነበር። ሁለቱም መድኃኒቶች ለረዥም ጊዜ ሲወሰዱ ሰውነት ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ በደንብ እንዳያገኝ ሊያደርጉ ይችላሉ። ቢ12 ሲጎድል ደግሞ መርሳት፣ ድካም፣ የእግር መደንዘዝ ይመጣል። ላብራቶሪው የእማዬ ቢ12 ዝቅተኛ ነው አለ። ከቢ12 ጋር ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ)፣ የደም ማነስ፣ ስኳርና ግፊት አብሮ ማየት ያስፈልጋል ምክንያቱም እነዚህ ሁሉ ሰውን ሊያስረሱ ይችላሉ፣ አብዛኞቹም ይታከማሉ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ እኛም ሜትፎርሚኑን አላቆምንም፣ ቢ12 በመርፌ ተጨመረላት እንጂ።

ቢ12 ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የእኛ ቤት ጉዳይ ነው። ይሄ ቫይታሚን በጤፍ፣ በሽሮ፣ በምስር፣ በጎመን ውስጥ የለም፣ የሚገኘው በሥጋ፣ በጉበት፣ በዓሣ፣ በእንቁላል፣ በወተትና በአይብ ነው። አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ነው የሚፈልገው፣ በጣም ትንሽ ነው። ጉበት ደግሞ ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያጠራቅም ጤነኛ ሰው የሁዳዴን 55 ቀን ስለጾመ ብቻ አይጎድልበትም፣ ጾሙን አትወንጅሉት። ችግሩ እንደ እማዬ ዕድሜ፣ ሜትፎርሚን፣ ኦሜፕራዞል እና ዓመቱን ሙሉ መጾም ሲደራረብ ነው፣ እሷ ደግሞ በፍስኩም ቢሆን ሥጋ አይስማማኝም የምትል ሰው ናት። ስለዚህ ለፍስክ ቀን አንድ እንቁላል፣ እርጎ ወይ አይብ፣ አልፎ አልፎ ዱለት (ጉበት አለበት፣ ግን በደንብ ይብሰል)። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፣ ፎሊክ አሲድ ብቻውን ለወራት መዋጥ በደም ምርመራ ላይ የቢ12 እጥረትን ሊሸፍን ይችላል፣ ነርቩ ግን መጎዳቱን አያቆምም።

አሁን ወደ ጓዳ። ተልባ! ከአሜሪካ የሚመጣውን የኦሜጋ 3 ክኒን እያየሁ እህል በረንዳ ሄጄ ተልባ መግዛት ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 1.6 ግራም ገደማ የዕፅዋት ኦሜጋ 3 አለው፣ ለአዋቂ በቀን የሚመከረውም ለሴት 1.1 ለወንድ 1.6 ግራም ነው። ሳይፈጭ ከተዋጠ እንደገባ ይወጣል። አሠራሩ፦ ለቅማችሁ በቀስታ እሳት እያማሰላችሁ አምሱት፣ መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ሲወጣ አውርዱት፣ ካረረ ይመራል። አቀዝቅዛችሁ ፍጩት፣ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ፣ ዱቄቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ሲጠጣ አንድ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጡት፣ ማር ወይ ጨው እንደየምርጫው፣ ለስኳር በሽተኛ ማሩ ይቅር። ብዙ ሰው አጥልሎ ልስልሱን ውኃ ብቻ ይጠጣል፣ ዘይቱ ያለው ግን አተላው ውስጥ ነው፣ እንዳትደፉት። መድኃኒት ካለ ደግሞ ከተልባው ሰዓት አራርቁት፣ ልስልሱ ክኒኑ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። እውነቱን ለመናገር ሰውነታችን የተልባውን ኦሜጋ ወደ ዓሣው ዓይነት የሚቀይረው በጣም ጥቂቱን ነው፣ ስለዚህ ዓሣ ለሚበላ ሰው በሳምንት አንዴ ሁለቴ ዓሣ ጥሩ ነው፣ ሁሌ በዘይት ከመጥበስ አንዳንዴ ጉላሽ ይሁን።

ጎመንና ቆስጣ፦ አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ እኛ የምንገዛው ሰፈር ጉልት ካሉት እናቶች ነው፣ ጠዋት የመጣው ይሻላል። እጠቡና ክተፉ (ከተከተፈ በኋላ አትጠቡት)፣ ቀቅላችሁ ውኃውን አትድፉ፣ በሽንኩርትና በጥቂት ዘይት በራሱ ውኃ ይብሰል። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ጎመን በድንገት አያብዛ፣ አይተውም፣ እንደለመደው ይብላ።

ጨው አዮዲን ያለበት ይሁን፣ አዮዲን ሲጎድል ታይሮይድ ይዛባል፣ የነፍሰጡር ደግሞ የልጇ አእምሮ ይጎዳል። ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት፣ ዕቃውን ክደኑት። ግን ከ5 ግራም በታች በቀን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ግፊት አእምሮን ከሚጎዱት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው።

ቡና ተዉ አልልም፣ ማንስ ይሰማኛል። ምግብ እንደበሉ ወዲያው አይሁን፣ የጤፉን አይረን እንዳይገባ ይከለክላል፣ ሰዓት ገደማ ይቆይ። ካፌይን ከተጠጣ አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላም ግማሹ ገደማ ደም ውስጥ ስላለ የማታ በረካ እንቅልፍ ይነሳል። ለፈተና ብላችሁ ጫት ይዛችሁ የምታድሩ የስድስት ኪሎ ልጆች፣ ያጠናችሁት የሚቀመጠው በእንቅልፍ ጊዜ ነው፣ በተልባ አይካካስም።

እርድና ጥቁር አዝሙድ? ወጥ ውስጥ ይግቡ፣ ይጣፍጣሉ። በክኒን መልክ ግን ገንዘቤን አላወጣም፣ እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ራሱ በደንብ ወደ ደም አይገባም። መልቲቫይታሚን ላይ ግን ትንሽ ልለሳለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ከ2,200 በላይ አረጋውያን ላይ ለሶስት ዓመት ተሞክሮ መጠነኛ ጥቅም አሳይቷል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ግን ለመርሳት ተብሎ ቫይታሚን አይመክርም። አመጋገቡ ለቀነሰ ሽማግሌ ተራው ርካሹ ይበቃል፣ የአንጎል ሥዕል ያለበትን መግዛት አያስፈልግም።

ምግብ ብቻውን ደግሞ ተአምር አይሠራም። ለአእምሮ ተብሎ የተዘጋጀው፣ ማይንድ የሚባለው የአመጋገብ ዘዴ፣ በ604 ሰዎች ላይ ለሶስት ዓመት ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ ሲወጣ ሌላ አመጋገብ ከያዘው ቡድን የጎላ ልዩነት አላሳየም። ፊንላንድ ውስጥ ግን 1,260 ሰዎች ላይ ምግቡን፣ እንቅስቃሴውን፣ የአእምሮ ልምምዱንና የግፊት ክትትሉን አንድ ላይ ለሁለት ዓመት ሲያስኬዱት ለውጥ አመጣ። ስለዚህ እኛ ተልባውን ጠጥተን ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ አራት ኪሎ በእግር እንወጣለን፣ መንገዱ አሁን ሰፊ ስለሆነ ለሽማግሌ ይመቻል፣ እግረ መንገዷን ያየቻቸውን ሱቆች ስም እየጠየቅኳት፣ እሷም እንደ ልጅ አታስጠኚኝ እያለችኝ።

በድንገት ንግግሩ ከተምታታ፣ ፊቱ ወይ እጁ በአንድ ጎን ከሰነፈ ግን ተልባም ጎመንም የለም፣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ሆስፒታል።

እማዬ መርፌውን ከጀመረች ወራት ሆኗታል፣ እግሯ ተሽሏታል፣ ጥያቄ መደጋገሟም ቀንሷል፣ ቁልፉ ግን አሁንም አንዳንዴ ፍሪጅ ውስጥ ይገኛል። አክስቴ ለገና ልትመጣ ነው፣ ክኒኑን ተዪና የግፊት መለኪያ አምጪ፣ ክንድ ላይ የሚታሰረውን፣ ብያታለሁ። እሺ ብላለች፣ ኦሜጋውም አይቀርም ብላለች።