ልጆችን ፊዚዮቴራፒ ስናሠራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ፊዚዮቴራፒ ለልጅ አሰልቺ ነው። ጅማት መሳብ፣ ያንኑ እንቅስቃሴ መደጋገም፣ ነገም እንደገና። ለዚህ ነው ወላጅ ከረሜላም፣ ስልክም፣ ልመናም፣ ቁጣም የሚሞክረው። በሥራዬ ዕለት ተዕለት የማየው ነው፤ ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው። ግን አንዳንዱ መንገድ ልጁን ጭራሽ ከልምምዱ ያርቀዋል።

ሲያለቅሱ ማቆም። ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ይመስለኛል። ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ልምምዷ ከዱካ ላይ ተነሥቶ መቆም ነው። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ታለቅሳለች፤ እናቷ ወዲያው እቅፍ ታደርጋታለች። ብዙም ሳይቆይ ገና ዱካውን ስታይ ማልቀስ ጀመረች። ምን ይፈረድባታል? ካለቀሰች እንደሚያበቃ ያስተማርናት እኛው ነን። ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ሁለት አወረድነው። ሁለቴ ተነሣች፣ ሳታለቅስ ጨረሰች፣ ኳሷን አገኘች። በሳምንቱ ሦስት አደረግነው። የሕመም ለቅሶ ግን ሌላ ነው። ልጁ እግሩን ካሸሸ፣ ሲነካ ከደነገጠ፣ ካረፈም በኋላ ካመመው፣ ያኔ ማቆምና ለባለሙያው መንገር ግድ ነው።

ሽልማቱን ማስቀደም። «እንካ ከረሜላ፣ አሁን ትሠራለህ አይደል?» ከረሜላው አፉ ውስጥ ከገባ በኋላ ለምን ይሠራል? ሽልማት ከሥራው በኋላ ይምጣ፣ ያውም ወዲያው። ለሦስት ዓመት ልጅ «እሁድ እንዝናናለን» ቢሉት እሁድ በጣም ሩቅ ነው። ገንዘብም አያስፈልግም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴቪድ ፕሪማክ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ልጅ በራሱ ፍላጎት አብዝቶ የሚያደርገው ነገር እምብዛም ለማያደርገው ነገር ሽልማት ይሆናል። አምስቴ ከተነሣ በኋላ ኳስ፤ እግሩን ካሳበ በኋላ ተረት።

በመርፌ ማስፈራራት። «እምቢ ካልክ ዶክተሯ ትወጋሃለች!» እባካችሁ ይሄ ይቅር። እኔ መርፌ የለኝም። ልጁ ግን ነጭ ጋውን ባየ ቁጥር ሰውነቱ ይገተራል፤ የተገተረ ጡንቻ ደግሞ ለመሳብ ይከብዳል።

ለሁሉም ነገር «ጎበዝ!» ማለት። ምኑ እንደተወደደላት ትወቅ፤ «ተረከዝሽ መሬት ነካ!» በሏት።

የሰጡትን መንጠቅ። ጠዋት ሠርቶ ያገኘው የወረቀት ኮከብ ማታ ወንድሙን ስለመታ ከግድግዳ አይነቀልም። ሠርቶበታላ!

በራሱ የሚወደውን መሸለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ መሳል የሚወዱ ሕፃናትን አጥንተው ነበር። ከሣሉ ሽልማት እንደሚሰጣቸው አስቀድሞ የተነገራቸው ልጆች በኋላ በነፃ ጊዜያቸው የሚሥሉት ቀነሰ። ልጃችሁ ደረጃ መውጣት ጨዋታ ከሆነለት ዝም ብላችሁ አብራችሁት ውጡ። ኮከቡን ለሚከብደው አስቀምጡት፤ እሱም እየለመደው ሲሄድ ኮከቡን ቀስ በቀስ አራርቁት።

የቤቱን ሰው አለማስማማት። እናት ኳሱን ለልምምድ ብላ ትደብቃለች፤ አያት «ልጄ ምን በደለች?» ብለው አውጥተው ይሰጣሉ። ቀኑን ሙሉ በነፃ የሚገኝ ኳስ ማንንም ከዱካ አያስነሣም። ያችኛዋ ልጅ ቤት የገጠመን ይኸው ነበር። አያትየውን አንድ ቀን ልምምድ ላይ ጠራናቸውና ኳሱን ለእሳቸው ሰጠናቸው። አሁን ዱካው ፊት ተቀምጠው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው። አምስት ሳይሞላ ኳሱ ከነጠላቸው ሥር አይወጣም።