አፕዴት አልታየም ማለት አፕዴት የለም ማለት አይደለም፦ የዎርድፕረስ ችግርና መፍትሄ

ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ-ገጽ መሥሪያ የተሠራ ሳይት አፕዴት መፈለግ ሲያቅተው ሁለት ጠባይ ያሳያል። አንዱ ይጮኻል። ቀይ ጽሑፍ ያወጣል፣ የስህተት ቁጥር ይሰጣል። ሌላው ጭጭ ይላል። ዳሽቦርድ (የሳይቱ ማስተዳደሪያ ገጽ) ስትገቡ ቁጥር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ «ፕለጊኖቻችሁ በሙሉ አዲስ ናቸው» ብሎ ይቀበላችኋል። ፕለጊን ማለት ለሳይቱ ተጨማሪ ሥራ የሚሰጥ ቅጥያ ነው። የሚጮኸውን አንድ ከሰዓት ቁጭ ብላችሁ ትፈቱታላችሁ። ደንበኞቼን ሲጎዳ ያየሁት ግን ዝም የሚለው ነው።

ገጹን ሪፍሬሽ አድርጉ፣ ካሽ አጽዱ፣ ፕለጊኖቹን አንድ በአንድ አጥፍታችሁ አብሩ የሚለውን ምክር እዘለዋለሁ። እዚህ የደረሰ ሰው ያን ሁሉ ሞክሯል።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ዎርድፕረስ በቀን ሁለት ጊዜ ከዎርድፕረስ ዶት ኦርግ፣ ማለትም ዎርድፕረስና ነፃ ፕለጊኖቹ ከሚወርዱበት ድረ-ገጽ፣ ጋር ይነጋገራል። የተጫኑትን ፕለጊኖች ከነቨርዥን ቁጥራቸው ዘርዝሮ ይልካል። ለየትኞቹ አዲስ እንደወጣ መልስ ይቀበላል። መልሱን ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣል። ዳሽቦርዱ ላይ የምታዩት ቁጥር የሚነበበው ከዚያ ከተቀመጠው መልስ ነው። ጥያቄው ካልተላከ፣ ተልኮ ካልደረሰ ወይም መልሱን መሃል ላይ አንድ ኮድ ከነካካው፣ የምታዩት ነገር እውነት አይደለም።

ደግሞም ጥያቄውን የሚልከው ሰርቨሩ ነው እንጂ የእናንተ ላፕቶፕ አይደለም። «እኛ ሰፈር ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ነው» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ዳሽቦርዱ ከተከፈተላችሁ የሰፈሩ ኔትወርክ ከጥርጣሬ ወጥቷል።

ምልክት፦ ቀይ ጽሑፍና የስህተት ቁጥር

ቱልስ ውስጥ ሳይት ሄልዝ የሚለውን ክፈቱ። ሳይቱ ዎርድፕረስ ዶት ኦርግ ጋ መድረስ ካልቻለ እዚያ ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ «ከርል ኤረር» የሚል ቁጥርም አብሮ ይመጣል።

6 ከሆነ ሰርቨሩ አድራሻውን ማግኘት አልቻለም፤ የዲኤንኤስ ጉዳይ ነው። 7 ከሆነ ግንኙነቱን ገና መጀመር አልቻለም። 28 ከሆነ ጠብቆ ጠብቆ ሰዓቱ አልፎበታል። በ7 እና በ28 መጀመሪያ የምጠረጥረው ፋየርዎል (ግንኙነት የሚያግድ ጥበቃ) ነው። ተራ ሆስቲንግ ላይ ከሆናችሁ ሦስቱንም ከዎርድፕረስ ውስጥ ሆናችሁ አትፈቷቸውም፣ ሆስቲንጉን (ሳይቱን የሚያስቀምጥላችሁን ድርጅት) ማናገር ግድ ነው። ስታናግሩ ግን «ሳይቴ አልሠራ አለ» አትበሉ። አንድ ሆስቲንግ እንዲህ ብዬ ስጽፍለት ሦስት ጊዜ «የብራውዘርዎን ካሽ ያጽዱ» ብሎ መልሶልኛል። «ከሰርቨራችሁ ወደ ኤፒአይ ዶት ዎርድፕረስ ዶት ኦርግ በፖርት 443 የሚወጣውን ግንኙነት አይታችሁ ክፈቱልኝ» ብዬ ስጽፍ በግማሽ ሰዓት ተፈታ።

60 ከሆነ ሰርተፊኬቱን (የሚያናግረው ሳይት ትክክለኛው መሆኑን የሚያሳየውን መታወቂያ) ማረጋገጥ አልቻለም። የቆየ ሰርቨር ላይ ያለ የቆየ ሳይት ነው ይህን የሚያመጣው። እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2021 ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ነፃ ሰርተፊኬት ሰጪ ይደገፍበት የነበረ አንድ ሩት (መሠረት) ሰርተፊኬት ጊዜው አለፈና ያረጁ ሰርቨሮች የእሱን ሰርተፊኬት የያዙ ደህና ሳይቶችን አላምንም አሉ። ዎርድፕረስ ያን ሰርተፊኬት ከራሱ ዝርዝር ያወጣው በቨርዥን 5.8.2 ነው። ከዚያ በታች ያለ ሳይት እስካሁን አጋጥሞኛል። መፍትሄው ዎርድፕረሱን በእጅ ማሳደግና ሆስቲንጉ ኦፕንኤስኤስኤሉን (ሰርተፊኬት የሚያጣራውን የሰርቨር ሶፍትዌር) እንዲያድስ መጠየቅ ነው። የሰርቨሩን ሰዓትም እዩ፤ ከተዛባ ያው ስህተት ይመጣል።

እባካችሁ፣ የሰርተፊኬት ማረጋገጫውን የሚያጠፋ ኮድ ከኢንተርኔት ቀድታችሁ አትለጥፉ። ስህተቱ ይጠፋል፣ እውነት ነው። ግን ከዚያ በኋላ ሳይታችሁ አፕዴት የሚቀበለው ከማን እንደሆነ ሳያጣራ ነው።

ምልክት፦ «ቼክ አጌን» ስትጫኑ ይመጣል፣ ካልተጫናችሁ አይመጣም

«ቼክ አጌን» የአፕዴት ገጹ ላይ ያለው «እንደገና ፈትሽ» የሚለው ቁልፍ ነው። ይህ ምልክት የክሮን ነው፤ ክሮን ማለት ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሳ ዘዴ ነው። የዎርድፕረስ ክሮን የሚነሳው ሰው ሳይቱን ሲጎበኝ ነው። በቀን አምስት ሰው የሚያየው የቢሮ ሳይት ላይ ፍተሻው ይዘገያል። ገጾቹ በካሽ የሚቀርቡ ከሆነ ደግሞ ጎብኚ ቢመጣም ፒኤችፒው (ዎርድፕረስ የተጻፈበት ቋንቋ) ላይነሳ ይችላል። ሌላው፣ አንድ ሰው ሳይቱን ላፍጥን ብሎ ደብሊውፒ ኮንፊግ በሚባለው የሳይቱ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ክሮኑን የሚያጠፋ መስመር ጽፎ፣ በምትኩ የሰርቨር ክሮን ሳያዘጋጅ ይሄዳል። ሲፓነል (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) ውስጥ ክሮን ጆብስ ገብታችሁ የዎርድፕረሱን ክሮን በየ15 ደቂቃው እንዲጠራው አድርጉ። በቃ።

እዚያው ደብሊውፒ ኮንፊግ ውስጥ ወደ ውጭ የሚሄድ ጥያቄን በሙሉ የሚከለክል መስመርም ፈልጉ። ስሙ ውስጥ «ብሎክ ኤክስተርናል» የሚል አለበት። ለደህንነት ብሎ ያስገባው ሰው ዎርድፕረስ ዶት ኦርግን ከተፈቀዱት ውስጥ ካልጻፈ ፍተሻው ከቤት አይወጣም።

ምልክት፦ ሁሉም ሰላም፣ ሁሉም አዲስ፣ ለወራት

በተደጋጋሚ የማገኘው ይህን ነው። አንድ የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤት ደወሉልኝ። የድርጅታቸውን ስም ጉግል ላይ ሲፈልጉ ከሥሩ የቁማር ገጾች ይወጣሉ። ዳሽቦርዱን ከፈትኩ። አንድም አፕዴት የለም። አሥራ ዘጠኝ ፕለጊን ተጭኖ አንድም አፕዴት የማይጠብቅ ሳይት ሳይ ደስ አይለኝም፣ እጠረጥራለሁ። ቅጽ የሚሞላበትን ነፃ ፕለጊን ከዎርድፕረስ ዶት ኦርግ ገጹ ጋር በዓይኔ አመሳከርኩት። ከዓመት በላይ ወደኋላ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ ይህን ቴም ማን ነው የጫነው?» አልኳቸው።

«የፊተኛው ልጅ ነው። ኦሪጅናል ነው ብሎኝ ከፍዬበታለሁ እኮ።»

የላይሰንሱን ሂሳብ ተቀብሎ ቴሙን (የሳይቱን መልክ የሚወስነውን ጥቅል) ከቴሌግራም ቻናል ነበር ያወረደው። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ላይሰንሱ ተሰብሮ የሚታደል ቴም። እኚህ ሰው ገንዘባቸውንም ከፍለው ሳይታቸውንም አጡ። አሁንም ሳስበው ይከነክነኛል።

ክራክ የሆነ ፕለጊን ወይም ቴም አፕዴትን የሚያፍነው እንዲህ ነው። ኦሪጅናሉ በየጊዜው ወደ ሠሪው ሰርቨር ደውሎ ላይሰንሱን ያጣራል። ክራክ ያደረገው ሰው ያን ጥያቄ መጥለፍ አለበት። ዎርድፕረስ ውስጥ ጥያቄ ከመላኩ በፊት የሚያስቆም «ፕሪ ኤችቲቲፒ ሪኩዌስት» የሚባል ፊልተር አለ። እዚያ ላይ ኮድ ሰክቶ «ላይሰንሱ ትክክል ነው» የሚል የውሸት መልስ ያስመልሳል። ጥንቃቄ ስለሌለው አንዳንዴ የሁሉንም ጥያቄ ያስቆማል፣ የዎርድፕረስ ዶት ኦርግንም ጭምር። ሌላው ዘዴ የተቀመጠውን መልስ ሲነበብ ባዶ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ክራክ የሆነው አንዱ ሆኖ ሳለ ደህናዎቹ ፕለጊኖቻችሁ በሙሉ አብረው ይታፈናሉ።

አገኛኘቱ፦ መጀመሪያ ሙሉ ባክአፕ ውሰዱና ወደ ኮምፒውተራችሁ አውርዱ። ከዚያ ኩዌሪ ሞኒተር የሚባለውን ነፃ ፕለጊን ጫኑ። የአፕዴት ገጹ ላይ ገብታችሁ «ቼክ አጌን» ተጫኑ፣ የኤችቲቲፒ ጥሪዎችን ዝርዝር ክፈቱ። ወደ ዎርድፕረስ ዶት ኦርግ የሄደ ጥሪ አለ? መልስ ይዞ መጣ? በፊልተር ከቆመ ይነግራችኋል። ጥሪው ደህና ሄዶ መልስ ካመጣና ያረጀ ፕለጊን መኖሩን እያወቃችሁ ገጹ ላይ ግን ምንም ከሌለ፣ መልሱን ባዶ የሚያደርግ ኮድ አለ ማለት ነው። ሬዲስ ወይም ሜምካሽድ (የዳታቤዝ መልሶችን በሜሞሪ የሚይዙ ካሾች) ካላችሁ ግን አስቀድማችሁ ባዶ አድርጉት፤ ያረጀ መልስ እዚያ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የፊልተሩን ስምና «አፕዴት ፕለጊንስ» የሚለውን ቃል ደብሊውፒ ኮንቴንት ፎልደር ውስጥ በሙሉ ፈልጉ። የቴሙን ፈንክሽንስ ፋይል እዩ። ኤምዩ ፕለጊንስ የሚባለውን ፎልደር አትርሱ፤ እዚያ ያለ ኮድ በተራው ዝርዝር ውስጥ አይታይም፣ ከዳሽቦርድ ሆናችሁም ልታጠፉት አትችሉም። የተገኘ ሁሉ ተንኮል አይደለም፣ ደህና የሴኩሪቲ ፕለጊኖችም ይህን ፊልተር ይጠቀማሉ። ኮዱን አንብቡ።

ደብሊውፒ ቪሲዲ ወይም ደብሊውፒ ቲኤምፒ የሚባል ፋይል ደብሊውፒ ኢንክሉድስ ውስጥ ካገኛችሁ ነገሩ ከአፕዴት አልፏል። ይህ በክራክ ቴሞችና ፕለጊኖች ታዝሎ የሚገባ የታወቀ ማልዌር ነው። ቴሙን ብቻ አጥፍታችሁ ተገላገልን አትበሉ፤ ወደ ሌሎቹ ቴሞች፣ እዚያው ሆስቲንግ ላይ ወዳሉ ሌሎች ሳይቶችም ይዛመታል። የዎርድፕረሱን ፋይሎች በአዲስ ተኩ፣ ፕለጊኖቹን ከምንጫቸው አውርዳችሁ እንደገና ጫኑ፣ የማታውቁትን አድሚን አስወጡ፣ የይለፍ ቃሎችንና የኮንፊጉን የደህንነት ቁልፎች ቀይሩ።

ሁሌ ክራክ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ትምህርት ቤት ሳይት ላይ ያገኘሁት ኮድ አንድ መስመር ብቻ ነበር። የፊተኛው ሠሪ ደንበኛው የአፕዴት ቁጥር እያየ እንዳይደውልለት ብሎ ማሳያውን አጥፍቶታል። ይህ ነውር ነው። አፕዴቱን በየወሩ እየገባ የሚሠራ ቢሆን እንኳ እሺ፤ ገብቶ አያውቅም።

በገንዘብ በተገዛ ቴምም ይህ ይመጣል። ከቴሙ ጋር ስላይደር (ተንሸራታች ምስል የሚያሳይ ፕለጊን) አብሮ ይመጣል፣ የስላይደሩ ላይሰንስ ግን የቴሙ ሠሪ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። ስለዚህ ስላይደሩ በራሱ አፕዴት አያገኝም፤ የቴሙ ሠሪ አዲሱን ጨምሮ እስኪያወጣ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 ስላይደር ሪቮሉሽን በሚባለው ፕለጊን የሆነው ይኸው ነው። ሠሪዎቹ ቀዳዳውን ደፍነው አዲስ ቨርዥን አውጥተው ነበር። በቴም ተጠቅልሎ የደረሳቸው ሰዎች ግን አላወቁም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሶክሶክ የተባለው ማልዌር በዚሁ ቀዳዳ ገብቶ ከ100,000 በላይ ሳይቶችን በከለ፤ ጉግልም ከ11,000 በላይ ዶሜኖችን ጥቁር መዝገብ ውስጥ ከተተ።

አገር ቤት ሆኖ በዶላር መክፈል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም የማልፍበት ነው። ግን ክራክ ከምትጭኑ ነፃውን ቨርዥን ከዎርድፕረስ ዶት ኦርግ ውሰዱ። ለአብዛኛው ሳይት ይበቃል። ካልበቃ ውጭ ያለ ዘመድ እንዲገዛላችሁ ጠይቁ። እዚህ ላይም አንድ ነገር አለ። ዋሽንግተን ያለች እህቱ የገዛችለት አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ላይሰንሱ የተመዘገበው በእሷ ኢሜይል ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ማስታወሻው ለእሷ ሄደ፣ እሷም ማስታወቂያ መስሏት ተወችው። ፕለጊኑ መሥራቱን አላቆመም፣ አፕዴቱ ብቻ ቆመ። በራሳችሁ ኢሜይል አስመዝግቡ፣ የሚያልቅበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ያዙት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ፕለጊኑ ከዎርድፕረስ ዶት ኦርግ ተዘግቶ ከሆነ አፕዴት አይመጣም፣ ማስጠንቀቂያም አይመጣም፤ ገጹን ከፍታችሁ እዩ። አፕዴቱ እየታየ መጫን ካልቻላችሁ ፒኤችፒው አርጅቶ ሊሆን ይችላል። የአፕዴት ቁልፎቹ በሙሉ ከጠፉ ኮንፊጉ ላይ ፋይል መቀየር የሚከለክል መስመር ሊኖር ይችላል። ራሳችሁ የጻፋችሁት ፕለጊን የሌላ ሰው አፕዴት ከመጣበት ስማቸው ተመሳስሏል፤ «አፕዴት ዩአርአይ» የሚለውን መስመር የፕለጊኑ ዋና ፋይል ራስጌ ላይ ጻፉበት፣ ከዎርድፕረስ 5.8 ጀምሮ ይሠራል።

ጠግኛችሁ ስትጨርሱ ዳሽቦርዱን አትመኑ፣ ፈትኑት። አንድ ትንሽ ነፃ ፕለጊን ምረጡ። ዎርድፕረስ ዶት ኦርግ ላይ ባለው ገጹ «አድቫንስድ ቪው» ውስጥ የቆዩ ቨርዥኖች አሉ። አንዱን አውርዳችሁ ጫኑት፣ ግን አታብሩት፤ ፍተሻው ያልበራ ፕለጊንንም ይቆጥራል። ከዚያ «ቼክ አጌን»። የዚያ ፕለጊን ስም ከአዲሱ ቁጥር ጋር ከወጣ መስመሩ ተከፍቷል። ፕለጊኑን ሰርዙት፣ ነገ ደግሞ ምንም ሳትነኩ ገብታችሁ ክሮኑ በራሱ መነሳቱን እዩ።