ሳህኑን ባዶውን መመለስ፦ ጸጋን መቀበል ለሚከብደን ሰዎች

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ስኳር፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ። ከዕቃው ሁሉ አብልጬ የማውቀው ግን የዱቤ ደብተሬን ነው። ማን ስንት እንዳለበት፣ ማን ደመወዝ ሲቀበል በጓሮ በኩል ዞሮ እንደሚገባ፣ ደብተሩን ሳልገልጥ እነግራችኋለሁ።

ጌታን ካገኘሁ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። «በጸጋው ድኛለሁ» ስል ኖሬያለሁ። ከእግዚአብሔር ጋርም የዱቤ ደብተር ይዤ እንደኖርኩ የገባኝ ግን ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ነው።

ታይፎይድ ነበር። ሱቁ ስድስት ቀን ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ ፔርሙስ ሙሉ አጥሚት ይዘው መጡ። እሳቸውን ደግሞ ወር ሳይሞላ በፊት፣ ሰው በተሰለፈበት፣ «የበፊቱን ሳይከፍሉ ሌላ ዱቤ የለም» ብያቸዋለሁ። አጥሚቱን በኩባያ ቀድተው አጠጡኝ። ፊቴን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉኝ። ስለ ዱቤው ቃል አልተነፈሱም። በነጋታው መጡ። በማግስቱም መጡ።

ስድን መጀመሪያ ያደረግኩት ምን መሰላችሁ? ፔርሙሱን አጥቤ፣ ሁለት ኪሎ ስኳርና ግማሽ ኪሎ ቡና በፌስታል ይዤ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። እናቴ «የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እማማ ፌስታሉን አዩት። ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ አጥሚቱን ሸጬልሽ ነው እንዴ?»

ስኳሩን ተቀበሉኝ፤ ላለማሳፈር። ደረጃውን ስወርድ ግን ያ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ለካ እኔ ላመሰግን አልወጣሁም። ሒሳብ ልዘጋ ነው የወጣሁት።

እኛ ጋ ውለታ የሚባል ነገር አለ። ሰፈር የሚቆመው በሱ ነው። ሠርጌ ላይ ሽንኩርት የከተፈችልኝን እከትፍላታለሁ፤ ለቅሶ የደረሰልኝን እደርስለታለሁ። ውለታ ቢስ መባል ትልቅ ስድብ ነው። በዚህ ቅር አይለኝም። ችግሩ ይህንኑ ልማድ ይዘን እግዚአብሔር ፊት ስንቀርብ ነው። ልጁን የሰጠንን ጌታ እንደ ባለውለታ ቆጥረን፣ በጾም፣ በጸሎት፣ በአሥራት ቀስ እያልን ልንከፍለው እንሞክራለን። ጳውሎስ ሮሜ 4፥4 ላይ «ለሚሠራ ደመወዝ እንደ ዕዳ ነው እንጂ እንደ ጸጋ አይቆጠርለትም» ይላል። ሱቅ ያለው ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። ከፍለህ የወሰድከው ዕቃህ ነው፤ አመስጋኝ አያደርግህም።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ሳያውቅ አልቀረም። «እግዜር ይስጥልኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው? እኔ አቅም የለኝም፣ እሱ በእኔ ፈንታ ይስጥልኝ ማለታችን ነው። አለመቻላችንን እያመንን ነው የምናመሰግነው። አንዳንዴ አፋችን ከልባችን ቀድሞ ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ረቡዕ ማታ በምንሰበሰብበት የቤት ኅብረት ጉዳዩን አነሳሁት። የእኔው በሽታ ያለባቸው ብዙ ሆነው ተገኙ። አብረን የተለማመድነውን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ ደብተራችሁን ፈልጉት። ሁሉም ሰው አለው፤ ግን ተደብቋል። ለአንድ ሳምንት ኪሳችሁ ወረቀት ያዙ። «እግዚአብሔር ይህን ያደረገው እኔ እንዲህ ስላደረግኩ ነው» ብላችሁ ባሰባችሁ ቁጥር ጻፉ። የእኔ የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ተጻፈ። ሠላሳ እንቁላል የያዘ ትሪ ከእጄ ወደቀ። ገና ሳልጠርገው «ሳልጸልይ ስለወጣሁ ነው» አልኩ። ሐሙስ ደግሞ ገበያው ደራ፤ «እሑድ አሥራት ስለሰጠሁ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ መጨረሻ ወረቀቱ ላይ አሥራ አንድ መስመር ነበር። ሳነበው አፈርኩ። እግዚአብሔርን ከእኔ የባሰ ቆጣሪ ባለ ሱቅ አድርጌው ነበር። ወረቀቱን ለማንም ማሳየት የለባችሁም። ለመቅደድም አትቸኩሉ።

ቀጥሎ ማቴዎስ 18፥21-35ን ካልኩሌተር ይዛችሁ አንብቡ። አልቀለድኩም። ለንጉሡ እልፍ መክሊት፣ ማለትም 10,000 መክሊት፣ ዕዳ ያለበት ሰው ታሪክ ነው። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ገደማ ነው። አንድ ዲናር ደግሞ የወይን ቦታ ሠራተኞቹ ምሳሌ ላይ እንደምናየው የአንድ ቀን ሠራተኛ የቀን ክፍያ ነው። አባዙት፤ 60,000,000 ቀን። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 200,000 ዓመት ይፈጅበታል። ኅብረታችን ውስጥ ግንበኛ የሆነ ወንድም አለ። ቁጥሩን ሲያይ ካልኩሌተሩን ነጥቆኝ እንደገና መታው።

አሁን ሰውዬው ያለውን ተመልከቱ። «ታገሠኝ፥ ሁሉንም እከፍልሃለሁ።» እኔ በቀን አምስት ጊዜ የምሰማው ቃል ነው! ማረኝ አላለም። ጊዜ ስጠኝ ነው ያለው። 200,000 ዓመት የሚፈጅ ዕዳ ላይ ቆሞ አሁንም ከፋይ መሆን ይፈልጋል። ንጉሡ ጊዜ አልሰጠውም፤ ጭራሽ ተወለት። እኔ እንደሚመስለኝ ሰውዬው ይህን አልሰማውም። ወጥቶ ከእሱ 100 ዲናር የተበደረ ባልደረባውን ጉሮሮውን ያነቀው ለዚህ ነው። የተሰረዘለት ሰው አይመስልም፤ ቀነ ገደብ እንዳለበት ሰው ገንዘብ ይሰበስባል። ከዚህ ላይ ቆማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ከእግዚአብሔር የለመንኩት ምሕረት ነው ወይስ ጊዜ?

ባልደረባው ያለበት 100 ዲናርም ትንሽ እንዳይመስላችሁ። የመቶ ቀን ሥራ ክፍያ ነው። ስለዚህ የተበደለን ሰው «ተይው፣ ትንሽ ነገር ነው» አትበሉት። ትንሽ አይደለም። ኢየሱስም ትንሽ ነው አላለም።

ሦስተኛው ልምምድ ከባዱ ነው፤ በወደቃችሁበት ቀን ምን ታደርጋላችሁ? የእኔን ልንገራችሁ። ዘይት ከገበያ የጠፋ ሰሞን ስምንት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ጓዳ ደብቄ «አልቋል» እል ነበር። ማታ ማታ በውድ ለሚገዛ አወጣለሁ። አንድ ቀን ልጅ ያዘለች እናት መጣች። «አልቋል» አልኳት። የልጁ ዓይን ከትከሻዋ በላይ ተሻግሮ ወደ ጓዳው ያያል። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ሳምንት ኅብረት አልሄድኩም። «ትንሽ ልስተካከልና እሄዳለሁ» እያልኩ። ትሕትና ይመስል ነበር። ሲታይ ግን ያው ክፍያ ነው፤ ራሴን ቀጥቼ ስጨርስ ልቀርብ።

የቀራጮችን አለቃ ዘኬዎስን አስታውሱ፤ ሉቃስ 19 ላይ ነው። ኢየሱስ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል» ያለው ቀድሞ ነው። አራት እጥፍ እመልሳለሁ የሚለው ቃል የመጣው በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በዚያው ማታ፣ ሳትስተካከሉ፣ ቅረቡ። ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት። «ድካም ነበረብኝ» አይባልም፤ «ዘይት ደብቄ ዋሸሁ» ይባላል። ከዚያ አመስግኑና ተኙ። «ሁለተኛ አይለምደኝም» ብላችሁ አትማሉ። እሱ የዚያ ሰውዬ «ሁሉንም እከፍልሃለሁ» ነው።

ጠዋት ሲነጋ ደግሞ የሰውን ለሰው መልሱ። እግዚአብሔር ይቅር አለኝ ብሎ የሰው ብር ኪስ ውስጥ ማስቀረት የለም። እኔ በውድ የሸጥኩላቸውን አራት ሰዎች አስታውሼ ልዩነቱን መለስኩ። አንደኛው ስህተት የሠራሁ መስሎት «ዛሬ ምን ነክቶሻል?» አለኝ። ያችን ልጅ ያዘለች እናት ግን እስከ ዛሬ አላገኘኋትም። ይኼ አሁንም ያመኛል። ማመሙ መልካም ነው እላለሁ፤ ከጌታ ፊት እስካላሸሸኝ ድረስ።

«እንግዲያውስ ጸጋ ካለ እንደልባችን እንሥራ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጳውሎስም ተጠይቋል፤ ሮሜ 6ን አንብቡ፣ መልሱ አጭር ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነው። ለእግዚአብሔር እከፍላለሁ እያልኩ ስሳቀቅ በነበርኩበት ዘመን ዘይት ደብቄያለሁ። ፍርሃቱ ሐቀኛ አላደረገኝም። ኤፌሶን 2፥8-9ን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፦ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና»። ቁጥር 10ን ግን አብራችሁ አንብቡት። መልካሙ ሥራ እዚያ አለ፤ ከጸጋው በኋላ።

በዚህ ጉዳይ ሱቄ በር ላይ የሚከራከሩም አሉ። በጸጋ ነው በሥራ፣ ጴንጤ እንዲህ ይላል፣ ኦርቶዶክስ እንዲህ ይላል። እኔ ከክርክሩ የምርቀው ነገር የለኝም። እማማ ኦርቶዶክስ ናቸው። ማለዳ በረንዳቸው ላይ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ ሲደጋግሙ እሰማቸዋለሁ፤ አቤቱ ክርስቶስ ሆይ ማረን ማለታቸው ነው። «ጊዜ ስጠኝ፣ እከፍላለሁ» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። «ይህን ያህል ዝራ፣ ይህን ያህል ታጭዳለህ» የሚል ስብከት ደግሞ በእኛው በኩል ሞልቷል። እሱ ስብከት ለእኔ ዱቤ ነው የሚሸተኝ።

ሌላው ልምምድ ለሌላ ሰው መተው ነው። ከደብተራችሁ አንድ ስም ምረጡ። አንድ ብቻ። ዱቤ ለማትሰጡ ሰዎች ስድብ፣ የተረሳ ግብዣ፣ ያልተመለሰ ብድር ሊሆን ይችላል። እኔ 1,150 ብር መረጥኩ። ብዙ አይደለም፤ ግን ያንን ሰው ባየሁት ቁጥር ሆዴን የሚቆርጠኝ ነበር። ገጹን ሰረዝኩና ሰውየውን ጠርቼ «ጨርሰናል፣ የለብህም» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ወጥመድ ሳይመስለው አልቀረም። በሳምንቱ ከሌላ ሱቅ ሲገዛ አየሁት። ተናደድኩ። ይኼኔ ነው ያወቅኩት፤ ሰረዝኩ እንጂ አልተውኩም፤ ቢያንስ ደንበኛዬ ሆኖ እንዲከፍለኝ እጠብቅ ነበር። እንደገና ተውኩለት። ሁለቴ መተው ያስፈልጋል፤ አንዴ ከደብተር፣ አንዴ ከሆድ። ከዚያ ለማንም አታውሩት፤ ምስክርነት ላይም አታቅርቡት። እኔ አሁን ስጽፈው ደንቡን አፍርሻለሁ፤ ግድ የላችሁም፣ ስሙን አላወጣሁም።

ሁሉንም ዕዳ ሰርዙ ማለቴ አይደለም። ሱቄ አሁንም ዱቤ ትይዛለች። የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት አለብኝ። ወር ሲሞላ እንደማንኛውም ባለ ሱቅ እጠይቃለሁ። ሰው ፊት ግን አልጠይቅም። እሱን ትቻለሁ።

የመጨረሻው ልምምድ ቀላል ይመስላል። ሰው አንድ ነገር ሲሰጣችሁ ተቀበሉና ዝም በሉ። «ምነው ተቸገርሽ» አትበሉ። ነገ ምን ልመልስ ብላችሁም አታስሉ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ማቆም። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩት፤ እጃችሁ ምን ያህል እንደሚበላችሁ ታያላችሁ። ውለታ ቢስ ሁኑ ማለቴ አይደለም። የለቅሶውንና የሠርጉን እንደ ወጉ አድርጉ። አንድ ነገር ግን ያልተከፈለበት ይቅር።

እኔ የሞከርኩት በፋሲካ ማግስት ነው። እማማ ድፎ ዳቦ ቆርጠው በሳህን ላኩልኝ። በላን። ሳህኑን አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ይዤ ተነሳሁ። መደርደሪያው ፊት ስደርስ እግሬ ቆመ። እጄ ፓስታው ላይ አረፈ። አነሳሁት። መልሼ አስቀመጥኩት። አራት ፎቅ ባዶ ሳህን ይዞ መውጣት እንዲህ ያሳፍራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጎረቤት እንዳያየኝ ሳህኑን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩት።

እማማ በሩን ከፈቱ። ሳህኑን ሰጠኋቸው። ባዶ መሆኑን አዩ።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አልኩ። ሌላ ቃል ጠፋኝ።

«ቡና ሁለተኛው ነው፤ ግቢ» አሉኝ።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።