የስቲም ጌም ኮድ በብራውዘር ማስገባት ሲዘጋባችሁ

ስቲም የኮምፒውተር ጌም በኢንተርኔት የሚሸጥበትና የሚወርድበት ነው፤ የተገዛ ጌም ኮድ ደርሷችሁ ከሆነ፣ ብራውዘር ከፍቶ እዚያ መለጠፍ በጣም ይመች ነበር። ደሴ ላይ ሆናችሁ ውጭ ያለ ዘመድ ኮዱን በቴሌግራም ይልካል፣ እዚያው ስልካችሁ ላይ ታስገባላችሁ፣ አለቀ። ያ መንገድ ከተዘጋባችሁ የስቲምን ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ክፈቱ። ኮምፒውተር ከሌላችሁ ጓደኛ ጋር ሂዱ ወይም ፒያሳ ወጣ ብላችሁ ኢንተርኔት ቤት ፈልጉ።

መጀመሪያ የተከፈተው አካውንት የናንተ መሆኑን እዩ። አንድ አካውንት ላይ የገባ ኮድ ወደ ሌላ አይዛወርም፣ የወንድማችሁ ላይ ከገባ የሱ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ከታች በስተግራ «አድ ኤ ጌም»፣ ቀጥሎ «አክቲቬት ኤ ፕሮዳክት ኦን ስቲም» የሚለውን ተጫኑ። ኮዱ ብዙ ጊዜ 15 ፊደልና ቁጥር ነው፣ አምስት አምስት ሆኖ የተከፈለ። ኮፒ አድርጉት እንጂ በእጅ አትጻፉ፤ ደጋግማችሁ ከተሳሳታችሁ ለጊዜው ይከለክላችኋል።

ጌሙን እዚያው ማውረድ የለባችሁም! ለኛ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ኮዱ አንዴ ከገባ ጌሙ አካውንታችሁ ላይ ይቀመጣል፣ ያን ሁሉ ጊጋ መብራትና ኔትወርክ ሲመቻችሁ ታወርዱታላችሁ።

የሰው ኮምፒውተር ከሆነ ሎግ አውት ሳታደርጉ እንዳትነሱ። አንዳንድ ኮድ ደግሞ ለተወሰነ አገር ብቻ ስለሆነ፣ ዘመዳችሁ ከመክፈሉ በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ እንደሚሠራ እንዲያጣራ ንገሩት።