ሆድ ድርቀት ሲይዝ የምንሠራቸው ስህተቶች

ነርስ ነኝ። ሆድ ድርቀት ብሎ የመጣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ «ምን ልዋጥ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ «ሲመጣብህ ትሄዳለህ?» እለዋለሁ። ዝም ይላል።

ሲመጣ መያዝ። እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ሰው ቤት አፍሬ፣ መንገድ ላይ ሆኜ... ትልቁ አንጀት ሥራው ውሃ መምጠጥ ነው። ሰገራው በቆየ ቁጥር እየደረቀ ይጠጥራል፤ ደጋግመው ሲይዙት ደግሞ ስሜቱ ራሱ ይደክማል። አንጀት ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው ምግብ ከተበላ በኋላ፣ በተለይ ከቁርስ በኋላ ነው። ያቺን ሰዓት አታሳልፏት። ሰው ስቆጣ እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ የሌሊት ተረኛ ሳለሁ «ይቺን በሽተኛ ልጨርስ» እያልኩ ስይዝ ከርሜ፣ በአራተኛው ቀን እንባዬ እስኪመጣ አምጫለሁ።

ማማጥ። ትርፉ ኪንታሮትና የፊንጢጣ መሰንጠቅ ነው። እግር ሥር አጭር በርጩማ አድርጉ፤ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ሲል መውጫው ይቃናል። በ10 ደቂቃ ካልመጣ ተነሡ። ስልኩ ውጭ ይቆይ።

አሰር (ፋይበር) በአንድ ቀን ማብዛት። አንዲት እናት ፋይበር ጥሩ ነው ሲባሉ ፉርሽካ በጎድጓዳ ሳህን በልተው፣ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ መጡ። ለዐዋቂ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ፋይበር ይበቃል፤ ጥራጥሬውን፣ አትክልቱንና ፍራፍሬውን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ። ውሃም አብሮ ይጨመር፤ የፋይበር ዱቄት ያለ በቂ ውሃ ጭራሽ ይዘጋል።

በየቀኑ ካልወጣሁ ብሎ መጨነቅ። በቀን 3 ጊዜም በሳምንት 3 ጊዜም ጤነኛ ነው።

የሚያስቀምጥ መድኃኒት መደጋገም። መድኃኒቱ አንጀቱን ጠርጎ ባዶ ያደርገዋል፤ እስኪሞላ ቀናት ይፈጃል። ሰውየው ግን በማግሥቱ «ደግሞ ደረቀብኝ» ብሎ ሌላ ይውጣል። ከአንድ ሳምንት በላይ ካስፈለገ ሐኪም ይወቀው።

የሚወስዱትን መድኃኒት አለመናገር። የብረት ክኒን፣ ኮዴይን የሚባለው የሕመም ማስታገሻና አንዳንድ የቃር መድኃኒቶች ያደርቃሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ጠይቁ።

ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ ወይም ክብደታችሁ ያለምክንያት ከቀነሰ ቤት አትቆዩ። ሆድ ተነፍቶ የሚያስታውክ፣ ፈስ እንኳን አልወጣ ያለ ከሆነ ደግሞ የሚያስቀምጥ ነገር ሳትወስዱ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።